ሲኞራ ኢርማ ወደ መሬት የወረዱበት ቀን

ዛሬ ከቀትር በፊት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ የሰፈራችን ወጣቶች አንድ አሮጌ የከረንቡላ ጠረጴዛ ተሸክመው በደጄ አለፉ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ ነው። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለከረመ ደጀን ላይ ብዙ ቀን ቆሞ ዝናብ መትቶታል። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር። ትንሽ ሊያርፉ ብለው ፊት ለፊቴ ሲያስቀምጡት የራሰው አረንጓዴ ጨርቅ ሽታ መጣብኝ። የራሰ የበግ ፀጉር፣ የሲጋራ አመድ፣ የብዙ ሰው መዳፍ ትቶት የሄደ ላብ፣ ሁሉም በአንድነት። ከወጣቶቹ አንዱ ፊቴን አይቶ፣ "አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "የለም ልጄ፣ ደክሞኝ ነው" አልኩት። አልዋሸሁትም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁሉም ነገር ያደክመኛል፤ መነሣቱም፣ መቀመጡም፣ ዜና መስማቱም፤ ማስታወስ ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል፤ ምክንያቱም ሳልጠራው ይመጣል፣ ሂድ ስለውም አይሄድም። ይህን ሽታ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከእኔ ሌላ ከየት እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሰኢድ ነው።

ሰኢድና እኔ የተገናኘነው በትምህርት ቤት ነው። እኔ ከደብረ ወርቅ ወዲህ ካለ ገጠር የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እሱ እዚሁ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ኑሩ ልጅ። ሐጂ ኑሩ በግቢያቸው ጥግ ያለችውን ክፍል አከራይተውኝ ነበር። ክፍሏ የአቡጀዲ መጋዘን አጠገብ ስለነበረች ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ሽታ ሌሊትና ቀን አይለየኝም፤ ገና ያልተለበሰ ልብስ ሁሉ የተስፋ ሽታ ያለው ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው። ስሙኒ የያዘ ተማሪ ከመናኸሪያው በታች ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ ዳቦውንም ሻዩንም ጠግቦ፣ ራዲዮኑ የሚያንቆረቁረውን ዘፈን በነፃ ሰምቶ ይወጣል። ቀበጥ የሆንን እንደሆነ ከታች ሰፋ ያለ የቴትሮን ሱሪ እንለብሳለን፤ ፀጉራችንን እናጎፍራለን። ሱሪ በመተኮስ ሰኢድን የሚያህል አልነበረም። በከሰል ካውያ የሚያወጣው መስመር እንደ ምላጭ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪውን ተሸክሞ ወደ እነሱ ግቢ ይጎርፍ ነበር። ዛሬ ያቺ ሻይ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆናለች። የወጣቶቹ ሱሪ ደግሞ ከፋብሪካው ተቀድዶ የመጣ ነው፤ ማንም አይተኩሰውም።

አንድ ዓመት የባሕር ኃይል ሰዎች ወደ ከተማችን ለምልመላ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ሁለታችንም ከአባይ የሚበልጥ ውኃ አይተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር የማረከን ባሕሩም አገሩም አልነበረም፤ ልብሱ ነበር። ሰኢድ የአንደኛውን መኮንን ሱሪ አተኩሮ አይቶ፣ "ይህን የተኮሰ ሰው ሙያተኛ ነው" አለ፤ በማግሥቱ ተመዘገብን። ምጽዋ ወረድን። ስለ ሙቀቱ ብነግር ማንም ደገኛ አያምነኝም። እዚያ ዋና ተማርን፣ ዓሣ መብላት ተማርን፣ ከወደብ ሠራተኞቹ ለሥራም ለስድብም የሚበቃ ጣልያንኛ ለቃቀምን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እኔ አልደግመውም፤ አቅምም የለኝ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን እኛም ከተበተኑት መካከል ሆንን። ጅቡቲ ቀን ሥራ ስንሠራ ቆየን፤ ከዚያም በአንድ የግሪክ ጭነት መርከብ ፒሬየስ ከሚባለው ወደብ ደረስን። እዚያ መንገደኛ እያዝናናች ከደሴት ደሴት የምትዞር ነጭ መርከብ ሁለታችንንም ቀጠረችን። ሰኢድን የወሰዱት ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ካውያ ሲይዝ አይተው ሌላ ነገር አልጠየቁትም። እኔን ካዚኖው በር ላይ አቆሙኝ።

ካዚኖ ማለት እንግዲህ የቁማር አዳራሽ ነው። ከምግብ አዳራሹ በላይ ካለው ፎቅ፣ ምንጣፍ በለበሰ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ሰፊ ክፍል ነበር። በሩ እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚወጣ የብረት መዝጊያ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ የካርታና ሩሌት የሚባለው የተሽከርካሪ ሰሃን ቁማር ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳውን ተከትለው ደግሞ ሳንቲም የሚውጡ ማሽኖች ተደርድረዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ቤት ሌት ከቀን ክፍት ይመስለዋል፤ አይደለም። መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ሳለች የምትገዛው በቆመችበት አገር ሕግ ነው፤ ስለዚህ ወደብ ላይ ካዚኖው ተቆልፎ ይውላል። ገመዱ ተፈትቶ መርከቧ ስትንቀሳቀስም ወዲያው አይከፈትም። የዚያ አገር ውኃ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አንዳንዱ አገር ባሕሩን ቅርብ ድረስ የኔ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሩቅ ድረስ፤ የመክፈቻው ሰዓትም እንደ ወደቡ ይለያያል። አንዳንዴ ተሳፋሪው ገና የደሴቱን ቤቶች እያየ እንከፍታለን፤ አንዳንዴ ሰው ራቱን በልቶ እስኪጨርስ ይቆያል። ወደብ ላይ የምናድር ከሆነ ግን ጭራሽ የለም። የውኃው ድንበር ሲታለፍ ከመርከቧ መሪዎች ክፍል በበሩ አጠገብ ወዳለው ስልክ ይደውላሉ። "ክፈት" ይሉኛል፤ ሌላ ቃል የለም። መዝጊያውን ወደ ላይ እጠቀልላለሁ፣ መብራቱን አበራለሁ፣ የጠረጴዛዎቹን ሽፋን ገፍፌ አጥፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

በሩ ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በደሴቱ የዋሉት ፊታቸው ፀሐይ መትቶት፣ አሸዋ በጫማቸው ይዘው፣ እየሳቁ ይመጣሉ። ከመርከቧ ሳይወርዱ የዋሉት ግን ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው። ከእነዚያ መካከል ሁልጊዜ አንደኛዋ ሲኞራ ኢርማ ነበሩ። ከሰሜን ኢጣልያ የመጡ፣ ትንሽዬ፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ሁልጊዜ አንድ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ቡናማ ጫማቸው ግን በየቀኑ የተወለወለ ነው። ባለቤታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሲኞራ ሱቁን ሸጡና መርከብ ላይ መኖር ጀመሩ ማለት ይቻላል። አንዱ ጉዞ ሲያልቅ ለቀጣዩ ትኬት ይቆርጣሉ። የምንቆምባቸውን ወደቦች ሁሉ በስም ያውቋቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱን እንኳ ረግጠው አያውቁም። ሌላው ተሳፋሪ ወደ ታች ሲወርድ እሳቸው ወንበር ጎትተው በተዘጋው መዝጊያ ፊት ይቀመጣሉ። በሩ ሲከፈት ጥግ ላይ ያለችውን አሮጌ ማሽን ይይዛሉ። ገንዘብ ሲበሉም ሲበላባቸውም ፊታቸው አይለወጥም። እኔ "ደህና አመሹ ሲኞራ" ስላቸው ግን ብሩህ ይሆኑ ነበር። በምጽዋ ጣልያንኛዬ ይስቃሉ። "አንተ የምትናገረው ጠጥቶ እንደወጣ ወደብ ሠራተኛ ነው" ይሉኛል።

ሰኢድ ካዚኖው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የጠረጴዛ ሽፋኖቹን ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ አጣጥፎ ያመጣና ከመዝጊያው መስመር ወዲህ ቆሞ ያቀብለኛል። "ማጠቡን አጥባለሁ፤ መግባቱን አልገባም" ይላል። ማንንም ግን አይነቅፍም። ሲኞራ ኢርማንም፣ "እማማ፣ ዛሬስ ፀሐይ አላዩም?" እያለ በአማርኛ ነበር የሚያናግራቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይገባቸው በጣልያንኛ ይመልሱለት ነበር። እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ያወሩ ነበር።

አንድ በጋ፣ አንዲት ተራራማ ደሴት ላይ እንደቆምን የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ገመዱን የሚፈታ ጠፋ። ሊያልቅ ነው ሲሉን ይመሻል፣ ነገ ሲሉን ነገ ያልፋል። መርከብ ካልተነሣች ካዚኖ አይከፈት፤ መዝጊያው ወርዶ ቀረ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ተበሳጨ፣ ኋላ ለመደው፤ ዋና ሄደ፣ ወይን ጠጣ። ሲኞራ ኢርማ ከወንበራቸው አልተነሡም። እየቆየ ምግብ መብላት ተዉ። አንድ ከሰዓት በኋላ መወጣጫውን ስጠርግ ክንዴን ያዙኝ።

"ቢያዝን፣" አሉኝ። ከፈረንጆቹ መካከል ስሜን አስተካክለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው አይደል?"

"እኔ ዘንድ ነው፣ ሲኞራ።"

"አንዷን ማሽን ብቻ። መብራት አታብራ። መዝጊያውን እስከ ጉልበትህ ብቻ አንሣልኝ፣ ጎንበስ ብዬ እገባለሁ።"

"አልችልም። እኔ ከሥራ እባረራለሁ፤ መርከቧም ትከሰሳለች።"

"ማን ያያል?"

"ሲኞራ፣ እባክዎ አይለምኑኝ።"

አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ብቻ በዚያ በተጨማደደ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። የእናቴን ዕድሜ የሚሆኑ ሴት ጎንበስ ብዬ ልግባ ብለው ሲለምኑኝ መጥረጊያዬን አስቀመጥኩ። መክፈት አልችልም፤ ትቻቸው መሄድም አልቻልኩም። በዚያ መሐል ሰኢድ የተተኮሰ ጨርቅ ታቅፎ ደረሰ። ሁለታችንንም አየን። ምን እንደተባለ ነገርኩት።

ሰኢድ ጨርቁን ደረጃው ላይ አስቀመጠና እሳቸው ፊት ቁጢጥ አለ። "በላቸው" አለኝ፤ "ነገ የሁለታችንም የዕረፍት ተራ ነው። ተራራው ላይ መንደር አለ፤ አውቶቡስ ይወጣል። እኛ ልናየው ነው። ብቻችንን ብንሄድ ግን ጥቁር አይተው የማያውቁ ሰዎች ይደነግጣሉና አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል፤ አብረውን ይሂዱልን በላቸው።"

"ይህ ሁሉ ውሸት ነው" አልኩት።

"የቱ ነው ውሸቱ? ትልቅ ሰው አያስፈልገንም?"

ተረጎምኩላቸው። ሲኞራ እንባቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ፣ "ጫማዬ ለተራራ አይሆንም" አሉ። በማግሥቱ ጠዋት መውረጃው ድልድይ ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ ጫማው ተወልውሏል።

መሬት ሲረግጡ የሆኑትን መቼም አልረሳውም። መሬቱ እንደ መርከብ የሚወዛወዝ መስሏቸው ክንዴ ላይ ተንጠለጠሉ። አሮጌ አውቶቡስ ነበር፤ ዶሮ የያዙ ሴቶች ተሳፍረውበታል፤ ሹፌሩ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የምንወጣ እስኪመስለኝ ድረስ ጆሮዬ ደነቆረ። ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አናቱ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ክብ አውድማ አለ። ገበሬው ገብስ በበቅሎ እያስረገጠ ያበራያል። ቆሜ ቀረሁ። ያ የገለባ አቧራ፣ ያ በፀሐይ የጋለ ገብስ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ዓመት እንዳለፈ ባንድ ጊዜ ተሰማኝ። ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ የሰው በር ስከፍት ስዘጋ የኖርኩት ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ለገበሬው በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ሳቀና ልጓሙን አቀበለኝ። ነጩን የሥራ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። በቅሎዎቹ ቋንቋዬን አያውቁም፤ የኔ አባት በበሬዎቹ ሲያበራይ በሚያዜመው ዜማ ስጀምርላቸው ግን ጆሯቸውን አቆሙና ሄዱ። ሰኢድ የነጋዴ ልጅ ነው፤ መንሽ እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም፤ ገለባውን ወደ ነፋሱ በትኖ መልሶ በፊቱ ሙሉ ለበሰው። ሲኞራ ከበለስ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። የገበሬው ሚስት ዳቦ፣ አይብና ቀዝቃዛ ውኃ አመጣች። ሲኞራ ከስንት ቀን በኋላ በሉ። "ዳቦው ድንጋይ ነው" ብለው አማረሩ፤ ግን ጨረሱት።

ላቤን እየጠረግሁ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ "ይህን ሥራ የት ለመድከው?" አሉኝ።

"አገሬ። አባቴ ገበሬ ነበር።"

"እናትህ አሉ?"

"አለች።"

"የት እንዳለህ ያውቃሉ?"

"መርከብ ላይ መሆኔን ታውቃለች።"

"መርከብ ላይ ማለት የት ማለት ነው?" አሉኝ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ የእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ሰኢድ "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት። እሱም ከፀጉሩ ላይ ገለባውን ማራገፍ ተወና ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ተመለከተ። መርከባችን ከዚያ ከፍታ ስትታይ የሰሃን ስባሪ ታክላለች። የአውቶቡሱ ሰዓት እስኪደርስ ሦስታችንም እዚያው ተቀመጥን።

ከዚያ አድማው አለቀ። ገመድ ተፈታ፣ ደሴቲቱ ራቀች፣ ስልኩ ጮኸ፣ መዝጊያውን ጠቀለልኩ። ሲኞራ ኢርማ አንደኛ ሆነው ቆመዋል። ይለወጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር መሰለኝ። "ደህና አመሹ ሲኞራ" አልኳቸው። "ደህና አመሸህ ቢያዝን" ብለው አለፉኝና ከማሽናቸው ፊት ተቀመጡ። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም አላነሣሁባቸው።

የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ኮንትራቴ ሲያልቅ አላሳደስኩም። ሰኢድ ፒሬየስ ላይ ሸኘኝ። "አንድ ዓመት ብቻ ጨምሬ እከተልሃለሁ" አለኝ፤ እንዲህ የሚሉ ብዙ ሰዎች ስላየሁ ሻንጣዬን አነሣሁ። አገሬ ገብቼ፣ በረሃውን ወርጄ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ስደርስ እናቴ ከገጠር ወጥታ እህቷ ቤት ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል። ፊቴን በእጇ ዳሰሰች፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ጆሮዬን ሳይቀር።

"አንት ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ነበር?" አለችኝ።

"በር እከፍት ነበር፣ እማዬ።"

"የማንን በር?"

"የቁማር ቤት።"

"ሰዎቹ ራሳቸው መክፈት ያቅታቸዋል?" አለች። እኔ ስለ ውኃው ድንበር፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ስልኩ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ስጨርስ፣ "ደክሞሃል፤ ተኛ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆየችባቸውን ዓመታት አብሬያት ነበርኩ። ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር ሸጥኩ። ሱቁም ዛሬ የለም። ደስተኛ ነበርክ ወይ የሚለኝ ቢኖር፣ እሷን እጇን ይዤ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጣት ሌላ ቦታ መሆን አልፈልግም ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ሰኢድ የተመለሰው እኔ መምጣቱን መጠበቅ ካቆምኩ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ራሱ ሽበት ሆኖ ነው። ሐጂ ኑሩን በሕይወት አላገኛቸውም። በአባቱ ሱቅ ቦታ ላውንደሪ ቤት ከፈተ። የሲኞራ ኢርማን ወሬ ያመጣልኝም እሱ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ወትሮው ነበሩ አለኝ። አንድ የፀደይ ጠዋት ያቺ ተራራማ ደሴት ላይ ቆመው ሳለ፣ ከላውንደሪው ክብ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ግራጫ ሹራብ የለበሱ አሮጊት ሻንጣ ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሲወጡ አየ። ማታ መርከቧ ስትነሣ አልተመለሱም። ለመርከቧ ሰዎች ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው መውረዳቸውን በጽሑፍ ትተውላቸዋል። ከእነዚያ ገበሬዎች ቤት አንድ ክፍል ተከራዩ። በጋውን ኖሩ። ደሴቲቱ በክረምት ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ አያስጠጋም፤ ሐኪምም የለባትም። ቅዝቃዜው ደረታቸውን መታቸው፤ ክረምቱን አልዘለቁትም። ሰኢድ ይህን የሰማው በሚቀጥለው ፀደይ፣ የገበሬው ሚስት ደረቅ በለስ ልትሸጥ ወደ ወደቡ ወርዳ ሳለ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ጠረጴዛው ካለፈ በኋላ መቀመጥ አልሆነልኝም። ጋቢዬን ደርቤ ወደ ሰኢድ ሄድኩ። እጁ ስለሚያመው ሥራውን የሚሠሩለት ሌሎች ናቸው፤ እሱ መግቢያው ላይ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ስለ ሽታው ነገርኩት። ሻይ አስመጣልኝ፤ ስኳር ስለተወደደ ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ አደረግን። ሻዩን አማሰለና፣

"ቢያዝን፣ እኛ ነን የገደልናቸው?" አለኝ።

ደነገጥኩ። ይህን ያህል ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ይህን ጥያቄ ተሸክሞ እንደሚዞር አላወቅኩም ነበር። "ምን ማለትህ ነው?"

"ያን ቀን ባናወጣቸው ኖሮ ያንን መንደር አያውቁትም። መርከቧ ሞቃት ናት፤ ሐኪም አላት። በዚያች ወንበር ላይ እስከዛሬ ባይሆንም ብዙ ዓመት ይቀመጡ ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

"ተቀምጠው ምን ሊሆኑ?"

"መኖር ነዋ።"

"ያ መኖር ነበር?"

"እኔና አንተ አሁን ምን እያደረግን ነው?" አለና አግዳሚውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። በመንገዱ ማዶ ሰዎች ዣንጥላቸውን እያጠፉ ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ከሰኢድ ቤት የተተኮሰ የሠርግ ልብስ በላስቲክ አስጠቅልላ በጥንቃቄ ታቅፋ ሄደች።

"ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ" አለኝ ሰኢድ። "የገበሬው ሚስት የነገረችኝ። ግሪክኛዬ ደህና ሆኖ ነበር፤ በደንብ ሰምቻታለሁ። ሲኞራ አስቸጋሪ ነበሩ አለች። ዳቦውን ይነቅፋሉ፣ ዶሮዎቹን ይረግማሉ፣ ቀኑን ሙሉ አውድማው ዳር ይቀመጣሉ። የኛ መርከብ መጥታ ልትነሣ ጡሩምባዋን ስትነፋ ደግሞ፣ በየጊዜው፣ የትም ቢሆኑ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ይገቡና መስኮታቸውን ይዘጋሉ።"

"ስለጠሏት ነው? ወይስ ናፍቀዋት?"

"አልጠየቅኋትም።"

"እንዴት ሳትጠይቃት ትቀራለህ?"

"ፈራሁ" አለኝ። "አንዱን ብትነግረኝ ዕድሜ ልኬን እሱን ይዤ ልኖር ነው። አሁን ቢያንስ ሁለቱም አሉኝ። አንዳንድ ቀን አንደኛው ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሌላኛው።"

"ዛሬስ?" አልኩት።

የከሰዓት ሶላቱ ደረሰና፣ ሰኢድ ጉልበቱን ደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሊሰግድ ጫማውን አወለቀ።